በአበልጄ ጆሮ

አበልጄ ሴኖቢያ በሕይወት ሳለች ይህን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምናገረውም ደፍሬ አይደለም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ልጇ ዩሪዲያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እጄን ይዛ «ክርስትና እናቴ፣ እናቴ በሰላም የሄደችው በእርስዎ ነው» አለችኝ። ፊቴ ነደደ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የቀረበውን ምሳ ሳልቀምስ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምስጋናዋን መሸከም ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ኦዲሊያ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በፍራፍሬ ማሸጊያ ቤት ብርቱካን ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በሳን ዋኪን ሸለቆ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ካሉት የእኛ ሴቶች ብርቱካን ያልለየች ብትፈለግ አትገኝም። እየተንከባለለ ከሚመጣው ፍሬ መሃል የተበላሸውን በዓይን ለይቶ በእጅ ማውጣት ነው ሥራው። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የእጄ አንጓ እምቢ አለኝ። ያኔ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ የሕክምና አስተርጓሚነት መማር ጀመርኩ። እንግሊዝኛውን በልጅነቴ ከአገራችን ከሚቾአካን እንደመጣሁ ይዤዋለሁ፣ ስፓኒሹ ከእናቴ ጡት የጠባሁት ነው፤ ታዲያ ምን ይከብደኛል ብዬ ነበር የገባሁት። ትዕቢቴ ከዚያ ይጀምራል።

ሐኪሙ ተናግሮ ዝም ሲል ተቀብሎ ማስተላለፍን ማንም ይለምደዋል። እኔን ያስለቀሰኝ ሌላው ነው። ሐኪሙ ሳይቆም በእንግሊዝኛ እየተናገረ፣ ከበሽተኛው ትከሻ ኋላ ተቀምጦ፣ በጆሮው በስፓኒሽ ሹክ ማለት። እየሰሙ መናገር፣ እየተናገሩ መስማት። መምህራችን ፊደሊና ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እየመታች «ጆሮሽ ከፊት ይሂድ፣ አፍሽ ሁለት ቃል ኋላ ይከተለው። አፍሽ ቆሞ ማሰብ ከጀመረ አለቀልሽ!» ትለን ነበር። የመጀመሪያው ወር ላይ ሁለቱም ቋንቋዎች ተደባልቀውብኝ ለባሌ ለኤራስሞ ጨው አቀብለኝ ማለት እንኳ አቅቶኝ ነበር።

ግን እልኸኛ ነኝ። በአንድ ጆሮዬ ማዳመጫ ሰክቼ፣ በስልኬ የነርሶችና የሐኪሞችን ትምህርት ከፍቼ፣ ዕቃ ሳጥብም ልብስ ሳጥፍም ሹክ እላለሁ። ስኳር በሽታ፣ ደም ግፊት፣ የማሕፀን ምርመራ፣ ምኑ ቅጡ። ኤራስሞ ቤት ሲገባ ከእንግሊዝኛው ዜና ጋር አብሬ ሳነበንብ ያገኘኛል።

«ሴትዮ፣ ቴሌቪዥኑን ዝጊው ስልሽ አንቺንም ማለቴ ነው» ይለኛል።

ከስድስት ወር በኋላ አፌ ሳላዘው መሥራት ጀመረ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በድምፅ ማጉያ የተፈጨ ሥጋ ቅናሽ መኖሩን ሲያውጁ እኔ ጋሪዬን እየገፋሁ በስፓኒሽ እከተላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛው ቅዳሴ ላይ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ እኚህ ቄስ ምን እንደሚሉ ገብቶኝ አያውቅም ነበር» አሉኝ። እኔ መናገሬንም አላወቅኩም። መደንገጥ ሲገባኝ ኮራሁ። ለፊደሊና ነገርኳት፣ ለክፍሉ ሁሉ ነገርኩ፣ እየሳቅን አሳለፍነው።

በሽተኛ ሆና የምታለማምደኝ ሴኖቢያ ነበረች። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ ዩሪዲያን ክርስትና ያነሳሁላት እኔ ስለሆንኩ ደግሞ ከጎረቤትም ከእህትም አልፋ አበልጄ ናት። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አትሰማም፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖራ «ታንኪው» ስትል እንኳ ታፍር ነበር። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ እኛ የምንበላውን የቁልቋል ቅጠል በባልዲ ይዛ ትመጣና፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣ እሾሁን በቢላ እየፋቀች ታዳምጠኛለች።

«ዛሬስ ምኔን ነው የሚያመኝ?» ትለኛለች ወንበሯን እየሳበች።

«ኩላሊትሽን።»

«ትናንት ልቤን ነበር። አንቺ ቤት ስመጣ አንድም ጤነኛ ነገር አይተርፈኝም።»

ከስልኩ ጋር ስሽቀዳደም ደግሞ ትገሥጸኛለች። «ይሄን ዶክተር የሚያሳድደው አለ እንዴ? ቀስ በይ እንጂ።»

«ቀስ ካልኩ ያመልጠኛላ።»

«ያምልጥሽ፤ አውቶቡስ መሰለሽ?»

ጥሩ ሲሄድልኝ ግን ዝም ትላለች፣ ቢላዋም ይቆማል፣ ራሷን ትንሽ ወደ እኔ ዘንበል ታደርጋለች። ያቺን ዘንበል ማለቷን ከየትኛውም የፈተና ውጤት አስበልጬ እወዳት ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ የሴኖቢያ ዓይን ቢጫ ሆነ። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት። ሐኪም ቤት ሄደች፣ ደም ሰጠች፣ ማሽን ውስጥ አስገቧት፣ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሊነገር አንድ ሳምንት ሲቀረው እኔንና ዩሪዲያን ኩሽናዋ ውስጥ አስቀመጠችን።

«እኔ መስማት አልፈልግም» አለች። «ለዩሪ ይንገሯት። የሚዋጥ ካለ እውጣለሁ፣ የሚወጋ ካለ እወጋለሁ። የበሽታውን ስም ግን እኔ ፊት እንዳትጠሩብኝ።»

«እማ፣ እንዲህ ይሆናል እንዴ?» አለች ዩሪዲያ።

«ይሆናል። ወረቀት አለው፤ ፈርሜያለሁ። አባትሽን ረሳሽው?»

ማንም አልረሳውም። ባሏ ማክሎቪዮ ሆስፒታል በሄደበት ቀን ጠዋት መኪናውን ሲያጥብ ያየሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ነገረው፣ ቤቱ ተመለሰ፣ አልጋው ላይ ወጣ፣ አልወረደም። በአርባ ቀኑ ቀበርነው። ሴኖቢያ ባሏን የገደለው መስማቱ ነው ብላ ታምን ነበር፤ እኛም ልናስተባብላት አፍ አልነበረንም።

«መስከረም ላይ ኢትሴል አሥራ አምስት ዓመት ይሞላታል» አለች። ኢትሴል የዩሪዲያ ልጅ፣ የእሷ ብቸኛ የልጅ ልጅ ናት፤ የአሥራ አምስት ዓመት በዓል ደግሞ እኛ ዘንድ ከሰርግ አያንስም። «ቀሚሷን እኔ ነኝ የምሰፋው። ከልጄ ልጅ ጋር እደንሳለሁ። እስከዚያ በእግሬ መቆም ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ንገሩኝ። ዛሬ ከሰማሁ ግን እተኛለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ፣ እንደ ማክሎቪዮ እተኛለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ትመጫለሽ። አታስተረጉሚም፣ አትናገሪም፤ እንደ ልማድሽ ከኋላዬ ተቀመጪልኝ ብቻ። እዚያ ስትሆኚ ጀርባዬን አይበርደኝም።»

በልጆቼ ማልኩላት።

ሚያዝያ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። ነርሷ በጎማ የሚገፋውን የአስተርጓሚ ስክሪን ይዛ ገባች፤ ውስጡ ክራባት ያሰረ ሰውዬ አለ። ዶክተሯ በእሱ በኩል ሴኖቢያን ጠየቀቻት፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ፣ ሐሳብሽን ብትቀይሪ በማንኛውም ሰዓት ትችያለሽ አለቻት። ሴኖቢያ «ለልጄ ንገሯት፤ ይሄን ሰውዬ ደግሞ አስወጡልኝ፣ ሆዴን እያየብኝ ነው» አለች። ሰውዬው ይህንንም አንድ ሳያስቀር ተረጎመው፤ ዶክተሯ ሳቀች፣ ስክሪኑ ወጣ።

ዩሪዲያ ከዶክተሯ ጋር ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። ሴኖቢያ በጎን በኩል፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የሆድ ዕቃ ሥዕል ታያለች። እኔ ከቀኝ ትከሻዋ ኋላ። የአየር ማቀዝቀዣው ያጓራል። እንግሊዝኛው በሴኖቢያ አናት ላይ እንዲያልፍ ነበር የተስማማነው፤ እሷም አምናው ተቀምጣለች።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ግልጽና የተመጠነ። ስልኬ ላይ የሰማኋቸው ሐኪሞች ወይ ይሮጣሉ ወይ ቃል ይውጣሉ፤ ይህችኛዋ ግን ዓረፍተ ነገሯን ጀምራ የምትጨርስ ሴት ነበረች። እንደፈራነው ቆሽቷ ላይ ያለው ዕጢ ካንሰር ነው ብላ ጀመረች። ዩሪዲያ አንገቷን ነቀነቀች። ዶክተሯ ቀጠለች።

ድምፄን የሰማሁት «ጉበት» ላይ ስደርስ ነው። የተረጋጋ የሴት ድምፅ በስፓኒሽ «ወደ ጉበቷም ተሰራጭቷል» ሲል ሰማሁ። ማን ናት ብዬ ነበር በመጀመሪያ። ከዚያ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ የሴኖቢያም ጆሮ ከአፌ አንድ ስንዝር አይርቅም።

እስከዚህ ያለው ልማድ ነው። ለዚህ ማንም ይቅር ይለኛል። ያላወራሁት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው።

ማቆም ቀላል ነበር፤ አፍ መዝጋት ብቻ ነው። አወቅኩ፣ ገባኝ፣ የማደርገውን ለይቼ አየሁት፤ ቀጠልኩ። ምክንያቱ ነፍሴ ያፈረችበት ምክንያት ነው፤ እያማረልኝ ስለነበር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ተርጉሜ አላውቅም። ዶክተሯ «ቀዶ ሕክምና ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል» ስትል እኔ ሁለት ቃል ኋላ ሆኜ፣ ሳልደናቀፍ፣ በጥሩ ስፓኒሽ እከተላታለሁ። ዕጢው ዋና ዋናዎቹን የደም ሥሮች ከቧል አለች፤ አልኩ። መድኃኒቱ ሕመሙን ያቀልላታል እንጂ አያድናትም አለች፤ አልኩ። አንድ ቃል አልወደቀብኝም። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልናገር? ምናለ ፊደሊና በሰማችኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። አበልጄ አልሰማም ብላ የፈረመችበትን ነገር በጆሮዋ እያፈሰስኩ፣ መምህሬ ባጨበጨበችልኝ እያልኩ ነበር።

ሴኖቢያ አልዞረችም። ራሷን ግን ትንሽ ወደ እኔ ዘንበል ያደረገች መሰለኝ። ይህም ደስ አለኝ።

ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ። ለእኛ ሥራ ቁጥር ጠላት ነው፤ ቃል ቢያመልጥሽ ከዙሪያው ትገምቺዋለሽ፣ ቁጥር ግን አይገመትም። ዶክተሯ ከመቶ ይህን ያህሉ፣ በመድኃኒት ይህን ያህል ወር፣ ያለ መድኃኒት ይህን ያህል ሳምንት እያለች አከታትላ አወረደቻቸው። የመጀመሪያውን ስይዝ ሁለተኛው መጣ፣ ሁለተኛውን ሳነሳ ሦስተኛው አለፈ። አፌ ባዶ ሆነ። ዝም አልኩ። ያቆምኩት ራርቼ አይደለም፣ መሐላዬም ትዝ ብሎኝ አይደለም። ስለጠፋብኝ ነው ያቆምኩት። የመጀመሪያው ስሜቴም ንዴት ነበር፤ መጨረሻው ላይ አበላሸሁት ብዬ።

ድንጋጤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዩሪዲያ ዶክተሯን እንጂ ማንንም አላየችም፤ አልሰማችም። ሴኖቢያ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ አወጣች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ መልሳ ዘጋችው።

ኮሪደሩ ላይ «በሉ፣ ራበኝ። ዓሣ የሚጠብሱት ጋ ውሰዱኝ» አለች። ሄድን። ዓሣ በቂጣ የተጠቀለለበትን ታኮ ሦስት በላች። እኔ ዓይኗን ስፈልግ እሷ አስተናጋጇን ሎሚ ጨምሪልኝ ትላለች። ሰምታ ይሆን? ሳትሰማኝ ቀርታ ይሆን? የአየር ማቀዝቀዣው ይጮህ ነበር፤ ድምፄ ዝቅ ያለ ነበር። በዚህች ተስፋ ላይ ተንጠልጥዬ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አጥሩ ጋ እየሄድኩ የስፌት መኪናዋን ድምፅ አዳምጥ ነበር። ከተሰማ ተነስታለች ማለት ነው፤ እተነፍሳለሁ። አንድ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሳይሰማኝ ቀረ። በምሽት ልብሴ አጥሩን ዞሬ በሩን ደበደብኩት። ሴኖቢያ በአፏ መርፌ ነክሳ ከፈተች።

«ምን ሆነሻል? ቤትሽ ተቃጠለ?»

«አይ፣ ዝም ስትይብኝ…»

«ክር አልቆብኝ ነው። እንዴት ነው የምትታይው አንቺ? የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ከሰዓት በኋላ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ ልምምዱን ትቼዋለሁ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳት። «እሰይ፣ እኔም ሳልታከም ዳንኩ» አለችና እሾሁን መፋቅ ቀጠለች። ፊቷን አጠናሁት። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ዩሪዲያ ደግሞ በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ እንፋሎቱ ያልበረደ ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ በድስት ይዛ መጣች። በሩ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። «ክርስትና እናቴ፣ እርስዎ ከኋላዋ ባይቀመጡ እዚያው እወድቅ ነበር። ሁሉንም እየሰሙ፣ ሁሉም እየገባዎት፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ! እኔ ብሆን አልችልም ነበር።» ድስቱን ተቀበልኩ። ምን ልበላት? ኤራስሞ ሲበላ እኔ ጥርሴን አመመኝ አልኩ።

አንድ ነገር ሞክሬያለሁ። ከክፍል በኋላ ቆይቼ ለፊደሊና ነገርኳት፤ ስም ሳልጠራ። ተቀምጬ ሳለ አፌ በራሱ ጀመረ፣ መስማት የማትፈልግ ሴት ሰምታ ሊሆን ይችላል አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ከባድ ነው ኦዲሊያ። ግን ሳታውቂ ነው። እኛን ሁሉ ያጋጥመናል፤ አፍ ሲሰለጥን ባለቤቱን አይጠይቅም። ስታውቂ አቆምሽ አይደል?» አለችኝ።

«አቆምኩ» አልኳት።

ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ይቅርታውን ለሌላ ሴት እንደተላከ ዕቃ ተቀብዬ ወጣሁ። ነሐሴ ላይ ፈተናውን አለፍኩ፤ ሴኖቢያ ስሜ የተጻፈበት ኬክ አሠርታ ጠበቀችኝ፣ ኤራስሞም በሠፈሩ ሁሉ «ሚስቴ ሐኪም ልትሆን ምንም አልቀራት» እያለ አወራ።

መስከረም ደረሰ። የኢትሴል ቀሚስ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዶቃው አንድ በአንድ በእጅ የተሰፋ፣ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ሴኖቢያ ከወገቧ በላይ ልጅ አክላ ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ያለው አጥንት በሻርፕ ተሸፍኖም ያስታውቃል። ግን ተነሳች። ከልጅ ልጇ ጋር አንድ ዘፈን ሙሉ ደነሰች፤ ሙዚቀኞቹ ቢያሳጥሩላት በጣቷ ቀጥሉ አለቻቸው። ዩሪዲያ እያለቀሰች ታጨበጭባለች። እኔም አለቀስኩ። አልሰማችም፣ ተመስገን፣ አልሰማችም ብዬ ነበር የማለቅሰው።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሴኖቢያ ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። አዳራሹ ግድግዳ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጫማዋን አወለቀች።

«በይ አበልጄ» አለች፣ «ዳንሴን ጨርሻለሁ። አሁን መነጋገር እንችላለን።»

«ስለ ምን?»

«አትሞኚ። በጆሮዬ ስለነገርሽኝ ነዋ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ሰምተሽ ነበር?»

«ስድስት ወር ሙሉ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ሹክሹክታሽን ስታስለምጂኝ ኖረሽ፣ ባልሰማሽ ነበር የሚገርመው። ከመጀመሪያው ቃል ነው የሰማሁሽ።»

«ሴኖቢያ፣ ይቅር…»

«ቆይ፣ አትቅደሚኝ። ተናድጄብሽ ነበር። ሁለት ቀን ረገምኩሽ፤ ያልረገምኩት የለም፣ ኤራስሞን ሁሉ ነክቼዋለሁ። ልተኛ ብዬ አልጋዬንም አንጥፌ ነበር። ከዚያ ነገሩን ሳስበው፣ አፍሽ ነው የቀደመሽ፤ ስታውቂ ደግሞ አቆምሽ። የት ላይ እንዳቆምሽ ልብ ብያለሁ። ቁጥሩ ጋ ስትደርሺ ዋጥሽው።»

ዓይኔን ያወለቀችው ጫማዋ ላይ ተከልኩ።

«ማክሎቪዮን የገደለው ምን ይመስልሻል? ካንሰር ነው ሲሉት ሾርባ አምጡልኝ ብሎ ነበር። ሦስት ወር ነው ያለህ ሲሉት ነው አልጋው ላይ የወጣው። ሰውየው ተኝቶ ይቆጥር ነበር። እኔ የምቆጥረው አልነበረኝም፤ ስለዚህ ዶቃ ሰፋሁ። እዚህ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ፤ ስለራራሽልኝ ነው።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። አልራራሁልሽም፣ ከጉበት ጀምሮ አውቄ ነው የቀጠልኩት፣ ደስ እያለኝ ነበር ማለት ነበረብኝ። ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ፊቷን ሳይ፣ ላብ ያቸፈቸፈውን፣ የረካውን ፊቷን ሳይ፣ መልሼ ዋጥኩት። ለእሷ አዝኜ ነው እላለሁ አንዳንዴ። ዕድሌን አልፈትንም ብዬ ነው እውነቱ፤ ጥሩ ሴት አድርጋ አይታኛለች፣ እንደዚያው ትየኝ አልኩ።

«አሁን ግን በዓሉ አለፈ» አለች። «ንገሪኝ። ስንት ነበር?»

«አላውቅም።»

«ኦዲሊያ።»

«በእናቴ አጥንት አላውቅም። ቁጥሩ አመለጠኝ።»

ሴኖቢያ ዓይኔን እያየች ቆየች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሆዷን ይዛ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሬን ሳመችኝ።

«አይ አበልጄ! ዛሬም ልትነግሪኝ አልቻልሽም? ለመዋሸት እንኳ የእናትሽን አጥንት ትጠሪያለሽ? ተይው፣ አትንገሪኝ። ለዩሪም መስማቴን አትንገሪያት፤ ጠብቄያታለሁ ብላ ደስ እንዲላት።»

በዚያ ቀን የተናገርኩት አንድ እውነት ቁጥሩ አመለጠኝ ማለቴ ነበር፤ እሱንም ለፍቅር ቆጠረችልኝ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ኖረች። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ተኝታ ነበር፣ እኔም በየቀኑ አጠገቧ ነበርኩ። ሁለታችን ብቻ የሆንንባቸው ሰዓታት ብዙ ናቸው፤ በማንኛቸውም ልነግራት እችል ነበር። ትራሷን አስተካክላለሁ፣ ከንፈሯን በጥጥ አርሳለሁ፣ ነገ እላለሁ። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ሴኖቢያ፣ ዩሪዲያ እንዳይገባት በዓይኗ እየጠቀሰችኝ፣ «ይህችን ታዩአታላችሁ? አፏን መዝጋት የምታውቅ ሴት ናት» ትላቸዋለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሰዎቹም ትሕትና ይመስላቸዋል።